ከቁስቋም በፊት የነበሩት ዘጠኝ ቀኖች

ባለፈው ዓመት ጂቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ የስልክ ካርድ ልገዛ የአንድ ሱቅ በር ገፍቼ ስገባ ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። የክሊማው፣ የአየር ማቀዝቀዣው ብርድ፣ የአዲስ ወረቀትና የተወለወለ ሲሚንቶ ሽታ። ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ አልፈው ሲገቡ ደግሞ ጥርስ ያንገጫግጫል። ግድግዳውን ቀና ብዬ ሳይ ገባኝ፤ ያ ቤት ድሮ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ነበር። ካርዱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ዐሥር ዓመቴ ላይ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው እሱን ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ የእማማ ዘውዴ ስም በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ ጻድቅ አድርጎ ነው የሚያወራት። ጻድቅ መሆኗ እውነት ነው። ግን ግማሹ ነው።

እማማ ዘውዴ የእናቴ አክስት ናት። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ከድሬዳዋ ጂቡቲ የመጣ ሰው ነበር፤ እሷ ከለገሃሩ ጀርባ ተወለደች። የራሷ ልጅ አልነበራትም። ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ሁለት ክፍል ሲሆን የፊተኛው የእናቴ ሱቅ ነው፤ የኋለኛው ውስጥ ሁላችንም እንተኛለን። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። እናቴ እማማ ዘውዴን አንቱ ትላታለች። እኔ ጀርባዋ ላይ ስላደግሁ አንቺ ነው የምላት። ሰው ሲቆጣኝ «ተዉአት፣ እሷ ደግሞ አንቱ ካለችኝ ነገ እሞታለሁ» ትል ነበር። በዐረብኛ ትከራከራለች፣ በሶማሊኛ ትቀልዳለች፣ በአፋርኛ ዓሣ ትገዛለች፣ በፈረንሳይኛ ትሳደባለች። ማንበብ የምትችለው ግን የአማርኛ ፊደል ብቻ ነበር።

ስለት ነበረባት። ስለቱ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ በሐምሌ፣ ያ ኸምሲን የምንለው አሸዋ የተሸከመ ነፋስ ከተማውን ሲጠብሰው ትኩሳት ጣለኝ አሉ። ሦስት ቀን ዐይኔን አልገለጥኩም። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት እማማ ዘውዴ ብድግ ብላ፣ «የቁስቋሟ እመቤት፣ ይቺን ልጅ ብትተዪልኝ በእግሬ መጥቼ ደጅሽን እስማለሁ» አለች። በማግስቱ ውኃ ለመንኩ። ቁስቋም ደግሞ ግብፅ ነው ያለው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ስትሸሽ፣ ያን ሁሉ በረሃ ተንከራትታ ያረፈችበት ተራራ። ጾመ ጽጌ የዚያ ስደት መታሰቢያ ነው፤ ኅዳር ስድስት የቁስቋም በዓል ሲሆን ስደቱም ያበቃል።

ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፤ እሷ አልሄደችም። አንድ ቀን ከእናቴ ሱቅ ከረሜላ ስሰርቅ ያዘችኝና፣ «ተጠንቀቂ አንቺ ቀዥቃዣ፤ ስለትሽን ገና አልከፈልኩም፣ መልሳ ትወስድሻለች» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የተውሶ ዕቃ መሆኔ ነው የገባኝ። ጎረቤት መዘፍዘፊያችንን ተውሶ ሲያቆይ እናቴ እኔን ነበር «ሂጂ አምጪ» ብላ የምትልከኝ። እኔንም አንድ ቀን አንድ ልጅ በር አንኳኩቶ፣ «ሂሩትን አምጣ ተብዬ ነው» የሚል መሰለኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ከእናቴ ቀሚስ ኋላ እሸሸግ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ስለዚህ መስከረም ሊያልቅ ሲል እማማ ዘውዴ እራት ላይ «ዘንድሮ ቁስቋም እሄዳለሁ» ስትል ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ።

እናቴ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ሳሕኑ መለሰችው። «በየትኛው ጉልበትዎ?»

«በሁለቱም።»

«ደረጃ እንኳ ሲወጡ እኮ…»

«ጂቡቲ ውስጥ ደረጃ የት አለና።»

እናቴ በነጋታው መምሬን አስጠራቻቸው። መምሬ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሙቀቱን በመሐረብ የሚጠርጉ። እሳቸውም ሻያቸውን እያማሰሉ፣ ስለት በአቅም እንደሚለወጥ፣ አቅም ያነሰው ሰው ለዚህችው ለራሳችን ደብር አንድ ጥሩ ጃንጥላ ቢያስገባ እንደሚበቃ አስረዷት።

«መምሬ» አለች እማማ ዘውዴ፣ «እኔ ጃንጥላ አልተሳልኩም። እግሬን ነው የተሳልኩት።»

መምሬ ሳቃቸውን በጢማቸው ሸሸጉ። «እንግዲያው እግሩን ማጠንከር ነዋ» አሉ። ካይሮ የሚማር ዲያቆን የወንድም ልጅ አላቸው፤ እሱ እንዲቀበላት እንደሚጽፉለት ቃል ገቡ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ትንፋሼን የለቀቅሁት ያኔ ነው።

እግሯን ማጠንከር የኔ ሥራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እጇን ትከሻዬ ላይ ጥላ፣ ከካርቲየ 5 ተነሥተን ላ ሲየስታ እስከሚባለው ባሕር ዳር እንሄዳለን። ዳቦ ሻጭ ሴቶቹ ባጌቱን በጨርቅ ሸፍነው ጥግ ጥጉን ተቀምጠዋል። ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ። ቁራዎቹ የዓለም ባለቤት ይመስል መንገዱ መሐል ይቆማሉ። ባሕሩ ወደ ኋላ በሸሸበት ጠዋት የጭቃውና የዓሣው ሽታ ሦስት መንደር ላይ ሆኖ ይቀበለናል። እኔ መሮጥ እፈልጋለሁ፤ ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ግን ጋሪ ነው። ትንሽ ሄደን ትቆማለች። ስትቆም ደከመኝ አትልም፤ ቦታው ስም ያገኛል እንጂ። የጸጉር ቆራጩ በር ጣዖቱ የወደቀበት ከተማ ሆነ። የተበላሹ ሚኒባሶች የቆሙበት ጋራዥ፣ ሽፍቶቹ እመቤታችንን የያዙበት። ውኃ የሚያፈሰው ቧንቧ፣ ሕፃኑ ተረከዙን ሲመታ የፈለቀው ምንጭ። እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ጸጉር ቆራጩ ጣዖት ይመስለኛል።

ጎረቤታችን ሀበርያር ኸዲጃ ናት፤ በሶማሊኛ ሀበርያር የእናት እህት ማለት ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት። ስንመለስ ሁልጊዜ በሯ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች።

«ዘውዴ፣ ዛሬስ የት ደረስሽ?»

«ሽፍቶቹ ጋ።»

«ገና ነሽ። ካይሮ ስትደርሺ ፈርዖንን ሰላም በይልኝ። ባሕሩ ተፍቶታል፣ መስታወት ውስጥ ተጋድሞ ሰው ሁሉ ያየዋል።»

«አግብቷል ወይ ብዬ ልጠይቅልሽ?»

«ብለሽ ብለሽ በሬሳ ልትድሪኝ» ትልና ሁለቱ እንደ ልጃገረድ ይንከተከታሉ።

ጥቅምት ከገባ በኋላ ጉልበቷ አበጠ። ወደ ትኬት ቢሮው ራሷ አንድ ጊዜ ሄዳ የቢሮውን ሰውዬ በዐረብኛ አነጋግራ ነበር፤ የቀረው ቀኑን መንገር ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፓስፖርቷን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ኅዳር ስድስት ቁስቋም መድረስ አለብኝ በይው። ሌላ ወሬ አትጨምሪ።»

እኔ ደግሞ በፈረንሳይኛዬ የምኮራ ልጅ ነበርኩ። ክራቫት ያሰረው ሰውዬ ፊት፣ እግሬ መሬት በማይነካበት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ክሊማው አንገቴ ላይ እየነፋ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩንን የወር ስም በልቤ ፈለግሁ። መስከረም፣ ሴፕቴምበር። ጥቅምት፣ ኦክቶበር። ኅዳር፣ ኖቬምበር። ይኸው ነው። «ለ ሲስ ኖቫምብር» አልኩት። ሰውዬው እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። በጣም እርግጠኛ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

የፈረንጆቹ ኖቬምበር ስድስት በኛ ጥቅምት ሃያ ሰባት ነው። ከኅዳር ስድስት ዘጠኝ ቀን ይቀድማል። ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በአንዱ አቆጣጠር፣ ትምህርት ቤት የምንሄደው በሌላው ነበርና ሁለቱ በኔ ጭንቅላት ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ሰውዬው በሰንዓ በኩል በኖቬምበር ሁለት የሚያስሄድ፣ በዐሥር የሚመልስ ትኬት አተመልኝ። ትናንሽ እግሮቼ ስለተወዛወዙ ይሁን ስላሳዘንኩት አላውቅም፣ የግብፅ ሥዕል ያለበት አንድ የቱሪስት መጽሔትም ጨመረልኝ።

እማማ ዘውዴ ትኬቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ገለበጠችው፣ መለሰችው። «ይሄ ሁለት የመሄጃው ነው?»

«አዎ።»

«ይሄ ዐሥር የመመለሻው?»

«አዎ።»

ቁጥሮቹን በጣቷ ዳሰሰች። «ጎበዝ» አለችኝና ጡቷ ሥር ከተተችው። ከዚያ በኋላ ለማንም አላሳየችውም። እናቴ ስትጠይቃት፣ «ልጅቷ ጨርሳዋለች፣ ምን ያጨቀጭቅሻል» አለቻት።

መጽሔቱን ግን ከእጇ አታወጣውም ነበር። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ እኛ ሲሚንቶው ላይ በደረታችን ተዘርግተን፣ ማራገቢያው ከላያችን እየተንቋቋ፣ እኔ በፈረንሳይኛ አነባለሁ በአማርኛ እነግራታለሁ። ፒራሚዱ ላይ ተጣላን።

«የነገሥታት መቃብር ነው ይላል።»

«አይደለም። የዮሴፍ ጎተራ ነው፤ ለሰባቱ የረሃብ ዓመት እህል ያስቀመጠበት።»

«መምህራችንም መቃብር ነው ብለውናል።»

«መምህርሽ ገብተው አይተዋል?»

«አላዩም።»

«ዝም በያ እንግዲያው።»

ከዚያ ስለ ወንዙ የሚያወራው ገጽ አለ። ነጭ ጀልባ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ዳር ዳሩን የዘንባባ ዛፍ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን አለብኝ፤ ወንዝ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ወንዝ አምቡሊ ነው። አምቡሊ ደግሞ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይተኛበታል፣ በስንት ዓመት አንዴ ጎርፍ ይመጣና ሰው ያስጮሃል። ስለዚህ ጀልባው በአሸዋ ላይ በግመል የሚጎተት ነው ብዬ ነገርኳት። እሷም አላረመችኝም። «እንደገና አንብቢልኝ» አለች። «ጀልባውን።»

አነበብኩላት። ደግሞ የእስክንድርያን ባሕር ዳር፣ በድንጋይ የተገነባውን ረጅም አጥር፣ እሱ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን የሚያወዛውዙትን ሰዎች። «እንደገና» አለች።

«ቁስቋም እኮ እዚህ ውስጥ የለም፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። ግን መንገዱን ማወቅ ጥሩ ነው።»

እመቤታችን በዚያ ሁሉ ያለፈች ስለመሰለኝ እኔም በትጋት አጠናሁላት። የምትሄድበትን ሥፍራ አንድም ሳይቀር በቃሌ ያዝኩ፤ አንዱ ቢቀር ስለቱ እንደማይቆጠር እርግጠኛ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ማኅሌቱ የአበባ ጊዜ ስለሆነ ልጆች ወደ ቤተ ክርስቲያን አበባ ይዘን እንሄድ ነበር። ጂቡቲ ውስጥ አበባ የሚገኘው ከቪላዎች አጥር ላይ ነው። እኔ ቀይ ቡገንቪል ስቆርጥ ዘበኛው አሯሩጦኝ አንድ ጫማዬን ጥዬ መጣሁ። እናቴ ልትገርፈኝ ስትነሣ እማማ ዘውዴ፣ «ተያት፣ እመቤታችንም ሸሽታ ነው የሄደችው» አለች።

ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ አየር ማረፊያው ድረስ በሁለት ታክሲ ሸኘናት። እናቴ አለቀሰች፣ ሀበርያር ኸዲጃም አለቀሰች፣ ለሰንዓም የሚሆን ለካይሮም የሚሆን ምክር ሁሉም ሰጣት። እማማ ዘውዴ አላለቀሰችም። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦ ቆሎዋን አንጠልጥላ፣ ከጀርባዋ ሳያት እንደዚያ ፈጥና ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ጉልበቷን የረሳችው መሰለኝ። ከበሩ ሆኜ «ስለቱን እንዳትረሺ» ብዬ ጮኽኩ። ሳትዞር እጇን አነሣች።

ትኬቱ ላይ አይቼ ለቤቱ ሰው በነገርኩት የመመለሻዋ ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። አውሮፕላኑ አረፈ። ሰዎች ወጡ። ነጋዴዎች፣ አንድ ትልቅ ቤተሰብ፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት። ከዚያ በሩ ተዘጋ። እናቴ ጥበቃውን በሶማሊኛ ለመነችው፣ ገብቶ አይቶ ተመለሰ። ማንም የቀረ ሰው የለም።

በዚያው ከሰዓት የዲያቆኑን ስልክ ደወልን። ስልኩ የሱ ሳይሆን ከሚኖርበት ቤት ሥር ያለ ዳቦ ቤት ነው። ሀበርያር ኸዲጃ በዐረብኛ ተነጋገረች፤ ሁላችንም አፏን እናያለን። ዘጋችው።

«ልጁ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው ይላል። መልእክት ይነግርልናል።»

«እሷስ?» አለች እናቴ።

ኸዲጃ ዲራኳን፣ ያን ሰፊ ስስ ቀሚሷን፣ አስተካከለች። «አሮጊቷን አንድ ቀን አይቻታለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም ይላል።»

ከዲያቆኑ መልስ ሳይመጣ ሁለተኛው ቀን ላይ ቤታችን ሰው ሞላው። ማንም ለቅሶ ነው አላለም፤ ግን ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀመጡ። እናቴ ዐይኗ አብጦ፣ «እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ» ትላለች። እኔ ግንባሬን እየደጋገምኩ እነካለሁ። ትኩሳት አለኝ ወይ? እሷ ሞታ ከሆነ ቁስቋም አልደረሰችም ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀጥዬ እኔ ነኝ። መቼ እንደምሞት ብቻ ነው ያልገባኝ።

ወንበር ስለጎደለ ከቤተ ክርስቲያን እንዳመጣ ላኩኝ። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካሌንደር ተሰቅሏል፤ ትልቁ ቁጥር የኛ፣ ከሥሩ በትንሹ የፈረንጆቹ። ሁለት ወንበር በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ዐይኔ እሱ ላይ አረፈ። ከጥቅምት ሃያ ሰባት ሥር ትንሽ ስድስት ተጽፏል። ኖቬምበር ስድስት። ወንበሮቹን አስቀመጥኩ። በጣቴ ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። ኅዳር ስድስት ገና አራት ቀን ይቀረዋል።

ሁለት ነገር አብሮ ገባኝ። አንደኛ፣ እማማ ዘውዴን ያለ በዓል በባዶ ደጅ ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛ፣ እሷን የማውቃት ከሆነ ከዚያ ደጅ በዓሉን ሳታይ አትነቃነቅም። እንግዲህ የት እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለመናገር ደግሞ ስሕተቱ የኔ መሆኑን መናገር አለብኝ። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን አጥሮብኝ አያውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ይህንንም አስቤዋለሁ፤ አልዋሽም።

ወንበሩን ሳልይዝ ነው የገባሁት። ሴቶቹ መሐል ቆሜ፣ «አልሞተችም። ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ኖቬምበር ስድስት ብዬ ነው የነገርኩት። ኅዳር ስድስት አልደረሰም። እየጠበቀች ነው።»

እናቴ ተነሥታ መጣችና በጥፊ አጮለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደረቷ ላይ ለጥፋኝ አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈችኝ። መምሬ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «እውነቷን ነው» አሉ። «እኔም ትኬቱ የሚመለስበትን ቀን ስሰማ አላሰብኩትም። ሁለት አቆጣጠር ይዞ የሚኖር ሰው አንዳንዴ ሁለቱንም አያይም።» ሴቶቹ ጥቁር ሻሻቸውን ፈቱ። ሀበርያር ኸዲጃ ሻይ አፈላችና አንዷን ብርጭቆ ለኔ በስኳር ሞልታ ሰጠችኝ፤ «ጉንጭሽን ያቀዘቅዝልሻል» ብላ፣ ሻዩ እየጋለ።

ከሰንዓ የሚመጣውን አውሮፕላን ሁሉ ስንጠብቅ ከርመን፣ ከኅዳር ስድስት በኋላ በአምስተኛው ቀን እማማ ዘውዴ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል፣ ነጠላዋ ገርጥቷል፣ እርምጃዋ ግን የሌላ ሰው ነው። እናቴ አየር ማረፊያው ላይ እየሳመቻት ትቆጣለች፣ እየተቆጣቻት ትስማለች። «ስልክ ያህል ነገር!» ትላለች። እማማ ዘውዴ፣ «ደረስኩ፣ ተሳለምኩ፣ መጣሁ፤ ሌላው ይቆየን» አለች።

የቀረው እኔና እሷ ነን። ለሦስት ቀን ሸሸኋት። በአራተኛው ጠዋት፣ «ነይ፣ እግሬ እንዳይታሰር» ብላ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ከእንግዲህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ትኬቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ያለ በዓሉ አስቆምኩሽ።»

«ሰምቻለሁ። በጥፊም ተመተሻል አሉ።»

«አዎ።»

ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዐየች። ከሁለት ዓሣ አጥማጅና ከቁራ በቀር ማንም የለም።

«አንቺ፣ እኔ ማንበብ ያቃተኝ ፈረንሳይኛ ነው እንጂ ቁጥር ነው እንዴ?» አለች። «በፈረንጅ ቁጥር በሁለት ሄዶ በዐሥር የሚመልስ ትኬት በነሱ ዐሥራ አምስት ለሚውለው ለቁስቋም በዓል እንደማይሆን መስኮቱ ጋ ቆሜ ነው ያወቅሁት። ካይሮ እንደደረስኩ በመጀመሪያው ቀን አስቀየርኩት። በዐረብኛ። ሰውዬው እናቴ እናቴ እያለ።»

«ታዲያ ለምን አላስተካከልሽውም፣ እዚሁ?»

«ባስተካክለውማ እናትሽ በበዓሉ ዋዜማ ልካ በማግሥቱ ታስመልሰኝ ነበር።» ወደ ባሕሩ ዞረች። «ስለቱ የእመቤታችን ነው፣ እሱን ከፍያለሁ፤ በዓሉ ቀን ደጇን ስሜያለሁ፣ ስምሽንም ጠርቻለሁ። አንቺ የማንም ተውሶ አይደለሽም። ዘጠኙ ቀን ግን የኔ ነበር።»

ተውሶ የሚለውን ቃል ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። እኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። በእንቅልፌ ተናግሬው ይሆናል።

ከዚያ ነገረችኝ። ዲያቆኑን «አንተ ፈተናህን አጥና፣ ኅዳር አራት ባቡር ጣቢያ እንገናኝ» ብላ አሰናብታዋለች። ወንዙ አሸዋ አይደለም፤ ውኃ ነው፤ ከዳር ዳር ሁሉ ውኃ፣ ደግሞ ይሄዳል። ነጭ ጨርቅ ያለው ጀልባ ላይ አላስገቧትም፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ሽንኩርትና ዶሮ ይዘው የሚሳፈሩበት ጀልባ ላይ ተሳፍራ ሁለት ቀን ሄደች፤ ከእነሱ ጋር ባቄላ በላች፣ ስለ ምራቶቻቸው ሰማች። ጎተራው ጋ ደርሳ ግመል ላይ እናውጣሽ ያሏትን ሰዎች በጂቡቲ ዐረብኛ ሰድባ አባረረች። «መቃብር ነው ወይስ ጎተራ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ድንጋይ ነው» አለች። «በጣም ብዙ ድንጋይ። ግን አንዴ ካዩት ዐይን አይመለስም።» እስክንድርያ ሄዳ፣ የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጣ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች በወረቀት ይዛ፣ እግሯን አወዛወዘች። ሦስት ከሰዓት በኋላ። ማንም «እማማ ተነሺ፣ ፀሐይ መታሽ» ያላት የለም።

«ስልክስ? እኛ እኮ ልናለቅስልሽ ተቀምጠን ነበር።»

ይህ ብቻ ነው ያሳፈራት። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። «ዲያቆኑን ደብዳቤ ጻፍላቸው ብዬው ጽፏል። ይደርሳል ብዬ ነው» አለች። በእርግጥም ደረሰ፤ እሷ ከገባች በሦስተኛው ሳምንት።

በዚያ እሑድ እናቴ ለምስጋና ዝክር ደገሰች። መምሬ መጡ፣ ሴቶቹ መጡ፣ ለሀበርያር ኸዲጃም ለብቻዋ ሻይና ብስኩት ቀረበላት። እማማ ዘውዴ መካከል ላይ፣ ትራስ ተደግፋ። ሁሉም ስለ ተራራው፣ ስለ ደጁ፣ ስለ ጠበሉ ይጠይቃታል፤ እሷም ትመልሳለች፣ አንድም ውሸት የለበትም። በመጨረሻ እናቴ፣ «ለመሆኑ እትዬ፣ በዓሉ እስኪደርስ ያን ሁሉ ቀን ብቻዎን ምን ሲያደርጉ ከረሙ?» አለቻት።

እማማ ዘውዴ ወደኔ አላየችም። «ደጅ ስጠና» አለች።

ቤቱ በአንድ ትንፋሽ «እሰይ» አለ። መምሬ መስቀላቸውን ነኩ። የእናቴ ዐይን እንባ ሞላ፤ ከበርጩማዋ ወርዳ እግሯ ሥር ተንበረከከችና ሁለቱን ጉልበቶቿን ሳመች። ከኋላዋ ሴቶቹ ተሰለፉ። እኔ ብርጭቆ ልሰበስብ ተነሣሁ።

«አንቺ ደግሞ የት ትሄጃለሽ፣ ነይ ሳሚ» አለች እናቴ።

ተንበረከክሁ። ከንፈሬን ጉልበቷ ላይ ሳሳርፍ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ቀሚሷ እስኪወዛወዝ። እናቴ ከላይ ሆና፣ «አዬ፣ ድካሙ ገና አልወጣላቸውም» አለች። እኔ ፊቴን ቀሚሷ ውስጥ ቀብሬ ቆየሁ፤ ቀና ብል እኔም እንደ እሷ መሳቄን ያዩብኝ ነበር።